የካፒቴኑ «እህት»

ተከታታይ ፊልም የሚወድ ሰው አልወድም። የጠፈር መርከብ ያለበት ሲሆን ደግሞ ይብስብኛል። እዚህ ጋምቤላ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ከሰዓቴን የበላውን ፊልም ለሰፈሩ ሰው ስተረጉም የኖርኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ የመናገር መብት አለኝ።

ከደጋ የመጣሁ ነርስ ነኝ፤ ወደ ጀዊ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ ክሊኒክ እሠራለሁ። አከራዬ የአገሩ ተወላጅ ናት። አንቱ ስላት «ማንን ነው የምታወራው?» እያለች ስላስተወችኝ ማዘር እላታለሁ። ፊልሙ የሚታየው እሷ በረንዳ ላይ ነው። ሁሉም ወንበሩን ይዞ ይመጣል፤ ድምፁ ይቀነሳል፤ እኔ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሜ በአማርኛ እናገራለሁ። ሪሞቱ ማዘር እጅ ነው። የወንድና የሴት ፊት ሲቀራረብ ወደፊት ታስሮጠዋለች። የቤቱ ሕግ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ካፒቴኑ የመርከቧን አብራሪ በእንግሊዝኛ «የኔ ፍቅር» እያለ ሲያባብላት፣ አንድ ሽማግሌ ሰባኪ የልጅ ልጆቹን ይዞ ፊት ለፊቴ ተቀምጧል። ምን ልበል? «እህቱ ናት» አልኩ። ከዚያ ወዲያ እህቱ ሆና ቀረች። ሲጣሉ በውርስ ነው አልኩ፤ ሲታረቁ እናታቸው ለምናቸው ነው አልኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ።

ይቺን «እህት» ከሁሉም አብልጦ የሚወዳት የማዘር ባል ነበር። እሱም ከባሮ ወንዝ በታች ባለው መንደር ታላቅ ወንድም አለው። ባለፈው ክረምት ባሏ ሲታመም፣ የውጭ አገሩ ሐኪማችን ያለውን ለማዘር የነገርኳት እኔ ነኝ። «ወንድሙ ጋ ልውሰደው ወይስ ይቆይ?» አለችኝ። «ይሻለዋል ብሏል፤ ይቆይ» አልኳት። በአሥረኛው ቀን ሞተ። እሷም «ሐኪምም ይሳሳታል» ብላ ተወችው። እኔን ግን ማመኗን አልተወችም፤ እዚህ አገር ከዚህ እምነት ሌላ ሀብት አልነበረኝም።

በቅርቡ አዲሱ ሲዝን በፍላሽ መጣ። ገና በመጀመሪያው ክፍል ካፒቴኑና አብራሪዋ ተጋቡ። ቬሎው፣ ቀለበቱ፣ ጭብጨባው ሁሉ አለ። ማዘር ብታስሮጠውም ሠርጉ አላልቅ አለ።

ሰባኪው የልጅ ልጆቹን እጅ ይዞ ተነሣና «ከእናቱ ልጅ ጋር?» አለ። ባጃጁ ላይ ሁለቱን አስሥሎ ከሥር «ወንድምና እህት» ያስጻፈው ሾፌር፣ ፍላሹን ስጡኝ፣ ባሮ ውስጥ ካልወረወርኩት ብሎ ታገለ። ስድስት ዓመት ርኩሰት ሲያሳዩን ኖሩ ተባለ፤ ሠሪዎቹ ከነዘራቸው ተረገሙ። እኔም፣ ሳላፍር፣ «አዎ፣ ሠሪዎቹ አበላሹት» ብዬ ጨመርኩበት።

ከመቲ ከተማ ተዛውሮ የመጣ አንድ አስተማሪ ከኋላ ቆሞ ነበር። «ምንም አላበላሹም» አለ። «ከመጀመሪያውም ፍቅረኛው ናት። እህት የሚባል የለውም። እኔ ሁሉንም አይቼዋለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለና ሳቀ። በጥፊ ባልኩት ደስ ይለኝ ነበር።

ባጃጅ ነጂው «አንተ ደገኛ፣ እኛ ሕፃን ነን?» አለኝ። ደሜ ፈላ። በነፃ ነው የቆምኩላችሁ፣ እግሬ እስኪያብጥ፣ ለእናንተ ክብር ብዬ ነው አልኩ። ማንም አልሰማኝም። አንዱ መሬት ላይ ተፋ። ወንበራቸውን እያነሡ ሄዱ፤ አስተማሪውም አብሯቸው ሄደ።

ማዘር ብቻ ቀረች። ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ሪሞቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠች።

«ባሌ ሲታመም» አለችኝ፣ «ሐኪሙ ምን አለ? አታሳምር። እሱ እንዳለው ንገረኝ።»

ሌላ ውሸት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳየው አልወጣም አለኝ።

«ከሁለት ሳምንት አያልፍም፤ የሚያየው ዘመድ ካለ ዛሬውኑ ውሰዱት ነው ያለው» አልኳት። «አሳዝነሽኝ ነው፣ ማዘር።»

ራሷን ነቀነቀች። አላለቀሰችም፣ አልሰደበችኝም።

«ወንድሜ መጣ ወይ እያለ ነው የሞተው» አለች። «እኔም፣ ሲሻልህ እንሄዳለን እለው ነበር።»