የእማማ የውብዳር የቁም ተዝካር

ባለፈው ሳምንት ለጉልበቴ ብዬ ሐኪም ቤት ብሄድ፣ አንዲት ወጣት ሐኪም ጉልበቴን ትታ አእምሮዬን መመርመር ጀመረች። የአረጋውያን ሕክምና ልዩ ሥልጠና ላይ ነኝ አለችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ብቻ የደነቆርሁ ይመስል እየጮኸች ነው የምታናግረኝ። «እማማ፣ ሦስት ቃላት እነግርዎታለሁ፤ ትንሽ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ። ወንበር፣ ዝናብ፣ ብርቱካን።» በዚሁ ሙያ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሐኪም መሆኔን አልነገርኋትም። ከማን ጋር እንደምኖር ስትጠይቀኝ፣ ከልጄ ጋር እንደሆነ፣ ሾፌር በመሆኑ ሰሞኑን መንገድ ላይ እንዳለና ስልኩ እንደማይሠራ ነገርኋት። ቀጥላ የልብ ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ዝም ስትል፣ ያን ዝምታ አወቅሁት። እኔ ራሴ አንድ ቀን ቁንዝላ በምትባል የሐይቅ ዳር መንደር እንደዚያው ዝም ብያለሁ።

በደርግ ጊዜ ነው። ባሕር ዳር ተመድቤ ብዙም ሳልቆይ፣ ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ሄዶ የእርጅናን ሕክምና የሚማር ሐኪም ተፈለገ። ዕድሉን የሚያገኘው ሰው መጀመሪያ እዚሁ ምርምር መለማመድ ነበረበት፤ በሐይቁ ዳር የሚኖሩ አረጋውያንን ከክረምት በፊት ይመረምራል፣ ከክረምት በኋላ ወደነዚያው ሰዎች ተመልሶ ምን እንደተለወጠ ያያል። ማንም አልተሻማኝም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠራው አባቴ እንኳ «ሕፃኑ በኩፍኝ እያለቀ አንቺ እርጅናን ልታክሚ?» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እኔን ግን ነገሩ ይዞኝ ነበር። አንዱ ገና በስድሳው ጎብጦ፣ ሌላው በሰማንያው ታንኳ የሚቀዝፈው ለምንድን ነው? መልሱ ሰውነት ውስጥ አንድ ቦታ ተቀምጦ የሚጠብቀኝ ይመስለኝ ነበር። ወጣት ነበርሁ።

እማማ የውብዳርን ያገኘኋቸው በሰኔ፣ ዝናቡ ሳይጠነክር ነው። ባላቸው ሞተው፣ አንድ ልጃቸው ይስማው ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ፣ ወደ ሰሜን ከዘመተ ወዲህ ብቻቸውን ነበሩ። ቤታቸው ቁንዝላ ከጀልባ መውረጃው ከፍ ብሎ፣ ደጁ ላይ የሎሚ ዛፍ ያለበት ነው። የእጅ ጉልበት የምንለካው የደም ግፊት መለኪያውን ጎማ በማስጨበጥ ነበርና እሳቸው ሲጨብጡት መርፌው ዘለለ።

«ይኸን ጎማ እያስጨበጥሽ ነው የመንግሥት ደመወዝ የምትበይ?» ብለው ሳቁብኝ።

ከበርጩማው እጃቸውን ሳይደገፉ ተነሡ። ታንኳ፣ ቁልፍ፣ ሎሚ ያልኋቸውን ሦስት ቃላት አንዱንም ሳያስቀሩ መለሱልኝ። ከዚያ የዳጉሳ እንጀራ በዓሣ ወጥ አቀረቡ፤ ቃሪያው ያቃጠለኝ እስካሁን ትዝ ይለኛል። ልባቸው ላይ የሰማሁት ድምፅ ግን አላማረኝም። ከክረምት በኋላ ደግሜ አየዋለሁ ብዬ ሄድሁ።

በጥቅምት ስመለስ የሐይቁ ድፍርስ ገና አልጠራም ነበር። ጉሙ ከደንገሉ ላይ አልነሣ ብሎ፣ ጀልባችን ሞተሯን አጥፍታ ወደ ዳር ስትንሸራተት መሬቱ አይታይም። ገመድ የሚቀበለንን አያ ደምሌን በድምፁ ነው የለየሁት።

«አያ ደምሌ፣ እማማ የውብዳር ደኅና ናቸው?» አልሁት።

ዞር ብሎ ጉም የለበሰውን ሐይቅ አየ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ሳለ፣ ማዶ ያለ ሰው እንዲሰማው የፈለገ ይመስል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እሳቸውማ ተዝካራቸው ወጣ! እኔም በልቻለሁ፣ አገሩም በልቷል!» አለ።

ተዝካር ከወጣማ በክረምቱ ሞተዋል ማለት ነው። ያ የልባቸው ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ። ለቅሶ ሳልደርስ መመለስ ነውር ስለሆነ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ዳገቱን ወጣሁ። መንገድ ላይ ያገኘኋትን ውኃ ቀጂ «የእማማ የውብዳር ዘመድ የት ነው የተቀመጠው?» ብላት እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሸሸችኝ። ደጁ ጋ ስደርስ እንደ ወጉ «ወይኔ እማማ! ወይኔ የውብዳር!» ብዬ ጮኽሁ። እውነቴን ነበር የማለቅሰው።

«ቀስ በይ» አለኝ ከጨለማው ቤት ውስጥ የማውቀው ድምፅ። «ስሜን አትጥሪ።»

እንዴት እንደገባሁ አላውቅም። መደቡ ላይ ነጭ ለብሰው ተቀምጠዋል። ምድጃው ቀዝቅዟል፤ እንስራውም ዶሮዎቹም የሉም። ቤቱ ሰው የወጣበት ቤት ነበር፤ እሳቸው ግን እመካከሉ ላይ ነበሩ። እግራቸው አብጧል፤ አንድ ቃል ተናግረው ትንፋሽ ይወስዳሉ። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም።

«በቁሜ ነው ያወጣሁት» አሉኝ።

የቁም ተዝካር መኖሩን አውቃለሁ። ከሞትሁ በኋላ ማን ያስበኛል የሚል ሰው በሕይወቱ ደግሶ ያበላል። እሳቸው ግን ልጅ አላቸው።

«ለልጄ ስል ነው እንጂ» አሉ። «በክረምቱ ያ ነፍስ ወሳጁ በሕልሜ መጣ፣ ከዚህ ቤት አንድ ሰው እፈልጋለሁ አለኝ። ይስማው ጦር ሜዳ ነው፤ ማንን እንደሚፈልግ ገባኝ። ስለዚህ ጠመቅሁ፣ በሬ ጣልሁ፣ አበላሁ። ይኸው ድርሻህን ወስደሃል፣ እለፍ አልሁት። ጎረቤቶቼም እንዳይሰማ ስሜን አይጠሩም።»

«ቄሱስ?»

«ቄሱ የብቸኛ ሴት ተዝካር ነው ብለው ጸለዩልኝ። የቀረው የእኔና የእሱ ነው።»

ሐኪም ነበርሁና ሐኪም ሆንሁ። ልብዎ ደክሟል፣ ባሕር ዳር ወስጄ አሳክምዎታለሁ፣ ይድናሉ ብዬ ለመንኋቸው። አለቀስሁም። እጄን ይዘው በትዕግሥት፣ ለልጅ እንደሚያስረዱ፣ «ድኜ ብመለስ ያታለልሁት አይመስለውም? ዞሮ ማንን የሚወስድ ይመስልሻል?» አሉኝ።

ወደ ሥራዬ ሸሸሁና ሦስቱን ቃላት ያስታውሱ እንደሆነ ጠየቅኋቸው።

«ታንኳ» አሉ። «ሎሚ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱና «ይስማው» አሉ።

«ቁልፍስ?»

«ቁልፍ ምን ያደርግልኛል? በሩን አልቆልፍ። ልጄ ቢመጣ በምን ይገባል?»

የያዝሁትን የልብ ክኒን መዳፋቸው ላይ አደረግሁ። «አስቀምጠዋለሁ» አሉኝ። እውጠዋለሁ አላሉም።

ወደ ሐይቁ ስወርድ ቀኑ ገፍቶ ሳለ ጉሙ አልተነሣም። ጀልባዋ አጠገብ ጋቢውን እስከ ዓይኑ የተከናነበ የማላውቀው ሰው ቆሟል። «ከማን ቤት ነው የምትመጪ?» አለኝ። ገበያተኛ ይሆናል፤ ዛሬም ገበያተኛ ነው ብዬ ነው የማስበው። ያን ጊዜ ግን እማማ የነገሩኝ ሕልም ታወሰኝ። ወደ ሐይቁ ዞርሁና እኔ፣ የሳይንስ ሰው፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ከእማማ የውብዳር ቤት! ሞተዋል፣ ተዝካራቸውም ወጥቷል!» አልሁ።

«ነፍስ ይማር» አለ ሰውዬው። ጀልባዋ ላይ ግን አልተሳፈረም። አያ ደምሌ ሰውዬውን ቀና ብሎ ሳያይ ገመዱን ፈታ።

ባሕር ዳር ስመለስ አለቃዬ ስለ እሳቸው ሲጠይቀኝም ሞተዋል አልሁት። ዕድሉን አገኘሁ፤ ሄድሁ፤ ልብ እንዴት እንደሚያረጅ በበረዶ አገር ተማርሁ። በተማርሁት መሠረት ያ ልብ ለዚያ ዓመት የገና በዓል እንኳ ሊያደርሳቸው አይችልም ነበር። ተመልሼ ሥራ ከጀመርሁ በኋላ መንግሥት ወደቀ፤ ወታደሩም በእግሩ እየተጎተተ ወደየአገሩ ገባ። ከዚያ አንድ ቀን፣ ክራንች የተደገፈ ከሲታ ሰው ቢሮዬ ገባና በጨርቅ የተቋጠረ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

«ይስማው እባላለሁ። እናቴ ለዶክተሯ መልስላት ብላኝ ነው» አለኝ። ክኒኑ ነበር፣ አንድም አልጎደለም።

«መቼ ሞቱ?»

«እኔ በገባሁ በሳምንቱ። ጀልባ መውረጃው ላይ ተዝካሯ ወጥቷል ቢሉኝ እየጮኽሁ ነው የደረስሁ። በሩ ክፍት ነበር። ‹አሁን ስሜን ጥራ› አለችኝ።»

ከዚያ ወዲህ ስንት ልብ አዳምጫለሁ፣ ስንት ወጣት ሐኪም አሠልጥኛለሁ። ለዚህ ግን ማብራሪያ ፈልጌ አላገኘሁለትም፤ አንዳንዴ ባላገኝለት ደስ ይለኛል።

«እማማ፣ ቃላቱን ያስታውሷቸዋል?» አለችኝ ወጣቷ።

ወንበር፣ ዝናብ፣ ብርቱካን። አውቃቸዋለሁ። አፌን ስከፍት የመጣው ግን «ታንኳ፣ ሎሚ» ነው። ሦስተኛው ላይ የልጄን ስም ጠራሁ። ልጅቷ አዝና ትከሻዬን ዳበሰችኝ፤ ልቤም ትንሽ ስለደከመ ክኒን አዘዘችልኝ። ትክክል ናት፤ እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የማዘው።

ክኒኑን ገዝቻለሁ። የተማርሁ ሰው ነኝ፣ እንደ እማማ የውብዳር ማሰብ ከንቱ መሆኑን አውቃለሁ። ልጄ ከመንገድ ሲመለስ እጀምረዋለሁ፤ እስከዚያው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬዋለሁ። በሩንም ከሐኪም ቤት ከተመለስሁ ወዲህ አልቆለፍሁትም።