በሰው አፍ አፉ አይባልም

ጦርነቱ ከመርሳ ወጥቶ ትምህርት ቤቱ በተከፈተ ሰሞን በሩ ላይ አንድ ፖሊስ አቆሙ። ግቢው ተዋጊ የከረመበት ነው። ዴስኩን ለማገዶ ፈልጠውታል፣ ግድግዳውን ስማቸውን ሞልተውበታል፤ ይኼስ ይሁን። ያስቸገረው ሌላ ነው። ልጆቹ ሜዳ ላይ የተበተነውን ቀለህ፣ ምኑንም ምኑንም እየለቀሙ በቦርሳቸው ይዘው ይመጡ ጀመር። ወደ ሲሪንቃ አንዱ ያገኘውን ብረት ሲቀጠቅጥ እጁን አጣ ሲባልም ሰማን። በዚህ የተነሳ ፖሊሱ የእያንዳንዱን ተማሪ ቦርሳ ፈትሾ እንዲያስገባ ታዘዘ።

እኔ ያን ጊዜ የልጄን ልጅ ይዤ ከግራና ተመልሻለሁ። እናቷ ዐረብ አገር ናት፤ ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እግሬ ድሮውንም ቤት የሚውል አልነበረም። አንድ ጊዜ ወልድያ ወንድ ልጄ ዘንድ፣ አንድ ጊዜ ሲሪንቃ እህቴ ዘንድ፣ ስዞር ነው ዕድሜዬ ያለቀው። ባሌ ነፍሱን ይማረውና «አንቺን መቅበር ያስቸግራል፣ የት እንደምትሞቺ አይታወቅም» ይለኝ ነበር። ለእሷ ትምህርት ብዬ ግን መርሳ ላይ አረፍኩ።

ግራና ያለችው ልጄ፣ የልጅቱ አክስት፣ ስንለያይ ቁርጡን ነግራኛለች።

«እማ፣ ትማራለች ካልሽ ትማር። ትምህርት ቤት ካልገባች ግን ደላላው እየጠየቀኝ ነው፤ እናቷ ጋ ትሂድ። ይኼን ክፉ ጊዜ ቤት አቅፈሻት አትቀመጭም።»

ልጅቱ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ዕድሜዋ ለዐረብ አገር ቀርቶ ለብቻዋ ወልድያ ለመሄድም አይበቃም።

በመጀመሪያው ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ፖሊሱ የጉባ ላፍቶ ደገኛ ነው፤ ጎልማሳ፣ ክርስቲያን፣ ድምፁ ዝግ ያለ። ተማሪ ተሰልፎ ፊቱ ሲደርስ ኮፍያውን ነካ ያደርግና «አፉ በሉኝ» ይላል። ተማሪው «አፉ ብያለሁ» ሲል ቦርሳውን ያያል። ካላለ እጁን አይሰድም።

አፉ ማለት ይቅርታ ነው። በእኛ አገር ሩቅ መንገድ የሚሄድ ሰው ጎረቤቱን «አፉ በሉኝ» ብሎ ነው የሚወጣ። የታመመም ይላል፣ ተጣልቶ የሚታረቅም ይላል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም። ለቦርሳ ፍተሻ ሲባል ግን የሰማሁት ያን ቀን ነው። ተማሪዎቹም መጀመሪያ ስቀውበታል አሉ።

«ጋሼ፣ ሊሞቱ ነው እንዴ በየጠዋቱ አፉ የሚያስብሉን?» ብሎታል አንዱ።

«መቼ እንደምሞት ስለማላውቅ ነው። ይክፈቱት።»

ልጆቹን አንቱ ነው የሚላቸው፤ ትንሹንም ትልቁንም።

የእኔዋ ተራ ደረሰ። «አፉ በሉኝ» አላት። ዝም። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛለች። ደገመላት። ዝም። ሰልፉ ከኋላ እየገፋ መጣ። እኔ ጨነቀኝና «አፉ ብላለች፣ ልጄ፣ ክፈተው» አልኩት።

«እማማ፣ አይቀየሙኝና በሰው አፍ አፉ አይባልም» አለኝ።

ተማሪው ሳቀ፤ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ከሰልፉ ወጥታ ወደ ቤት ሄደች።

ነገሩ የገባኝ ቤት ስንደርስ ነው። ጦርነቱ መርሳ ሲቃረብ እኔና እሷ በእግራችን ወደ ግራና ስንሸሽ፣ መንገድ ላይ ገመድ የወጠሩ መለዮ ለባሾች አስቁመውናል። የማን ናችሁ ብለን አልጠየቅንም፤ አይጠየቅም። አንደኛው ቦርሳዋን ነጥቆ ገለበጠው። ደብተሯም፣ የውስጥ ልብሷም አፈር ላይ ወደቀ። በጫማው ጫፍ እያነሳ ለጓደኞቹ አሳያቸው፣ ተሳሳቁ። ለቃቅማ አስገብታ መንገዳችንን ቀጠልን። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቀን አንስታ አታውቅም ነበር።

«አፉ ካልኩት ያንንም ይቅር ያልኩት ይመስለኛል» አለችኝ። «ልብሳቸው አንድ ነው፣ እምዬ።»

«ልብስ ምን ያደርጋል? ሰውየውን አላየሽም?»

«አንቺ ደግሞ ለሁሉም አፉ ትያለሽ። ዶሮሽን ለሰረቀው እንኳ ብለሻል።»

እውነቷን ነው፣ ብያለሁ።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መሄዳችን አልቀረም። ቤት ዋይ ብላት አትውልም፣ ግቢ ብላት አትገባም። ከበሩ ማዶ አጥር ተደግፋ ትቆማለች፤ እኔ ድንጋይ ላይ እቀመጣለሁ። ደወል ሲደወል ተያይዘን እንመለሳለን። የክፍሏ ልጆች ሲያልፉ አይምሯትም።

«አፉ በይና ግቢ እንጂ፣ ፀሐዩ አከሰለሽ።»

«ተያት፣ አጥር ጠባቂ ተቀጥራ ነው።»

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ወጣ።

«እቺን ልጅ ዛሬ ዝም ብለህ አሳልፋት» አለው ፖሊሱን።

«ሳልፈትሽ?»

«እሺ ፈትሻት።»

«አፉ ሳትለኝ?»

ርዕሰ መምህሩ ራሱን ነቅንቆ ተወው። እሱም ቢሆን የዋዛ ሰው አይደለም። በየጠዋቱ ከልጆቹ ጋር ተሰልፎ «አፉ ብያለሁ» ብሎ ቦርሳውን አስፈትሾ ነው የሚገባ። እሱን አይተው መምህራኑም፣ ግቢ ጠራጊዋም ይሰለፋሉ። ለልጆቹ ፍተሻው እንደ ውርደት ያልሆነባቸው ለዚህ ይመስለኛል። ወደ እኔ ቀርቦ ግን «እናቴ፣ ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ እኔም የማደርገው የለኝም» አለኝ።

እሱ ሲገባ ተነስቼ ፖሊሱ ዘንድ ሄድኩ። መንገድ ላይ የገጠመንን፣ እሷም ያለችውን ነገርኩት። መሬት መሬት እያየ ሰማኝ።

«የዚያን ሰው ይቅርታ እኔ በምን አፌ እቀበልለታለሁ?» አለ። «እኔ የምለምናት የራሴን ነው። እጄን ቦርሳዋ ውስጥ ስለምሰድ።»

«ይኼንኑ ልንገራት?»

«ይንገሯት። ግቢ ብሎሻል ግን አይበሏት።»

ነገርኳት። «እንዲህ አለ?» አለችኝ።

ሐሙስ ጠዋት እንደ ልማዳችን ከበሩ ማዶ ነን። ሰልፉ ውስጥ አንድ ረዥም ተማሪ ነበር፤ ከሲሪንቃ በኩል በእግሩ የሚመላለስ። ፖሊሱ «አፉ በሉኝ» አለው።

«አፉ ብያለሁ፣ ጋሼ። ግን ቀስ ይበሉ።»

«ምን አለበት?»

«መንገድ ላይ ያገኘሁት ነው። ምን እንደሆነ አላውቅም። ለእርስዎ ላሳይ ብዬ ነው ያመጣሁት።»

የፖሊሱ ፊት ተለወጠ፤ ድምፁ ግን ያው ነው። «ቀስ አድርገው መሬት ያስቀምጡት» አለው። «አሁን ወደ እኔ ይምጡ። አይሩጡ።» ያን ጊዜም አንቱታውን አልተወም። ልጁ ተራምዶ ሲደርስ፣ ሁላችንንም ወደ ዋናው መንገድ ያርቀን ጀመር። ርዕሰ መምህሩ የገቡትን ልጆች በጓሮ በር አስወጣ። በኋላ የሚያውቁ ሰዎች በመኪና መጥተው ልጁ ያመጣውን ወሰዱት፤ ያልፈነዳ ፈንጂ ነው አሉ።

እኔ ዓይኔ ልጁ ላይ ነበር። ጥፊ ጠብቄለታለሁ፤ እኔ ብሆን አጮለው ነበር። ፖሊሱ ትከሻው ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«ስለነገሩኝ እግዜር ይስጥልኝ» አለው። «ሁለተኛ ግን አያንሱ። ባለበት ይተዉትና እኔን ይጥሩኝ።»

ረዥሙ ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጦ አለቀሰ። ያ ሁሉ ቀልደኛ ተማሪ ቆሞ አንድም የሳቀበት የለም። የእኔዋም ከአጠገቤ ቆማ ታይ ነበር። ወደ ቤት ስንሄድ «ሌላ ሰው ቢፈትሸው ልጁ አይናገርም ነበር» አለች።

ዓርብ ደረስን። እኔ ወደ ድንጋዬ ሄድኩ፤ እሷ ወደ ሰልፉ። ተራዋ ደረሰ። ፖሊሱ እንደማንኛውም ልጅ ኮፍያውን ነካ አድርጎ «አፉ በሉኝ» አላት።

«ለእርስዎ ብቻ ነው» አለች።

«ለእኔ ብቻ።»

«አፉ ብያለሁ።»

ቦርሳውን ራሷ ከፈተችው። እሱ ከላይ አየት አደረገ፤ እጁን አላስገባም።

«ይግቡ።»

ገባች። መለስ ብላም አላየችኝ።

እኔ ወደ ቤት መሄዱን ረስቼ እግሬ መናኸሪያ አደረሰኝ፤ ወደ ግራና የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ልጄን ሽንኩርት ማሳዋ ውስጥ አጎንብሳ አገኘኋት። ቀና አለችና ፊቴን አየችው።

«ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ገባች።»

«መቼ?»

«ዛሬ ጠዋት።»

«ነገም ትገባለች?»

«ነገማ ቅዳሜ ነው።»

ሳቋን ለመደበቅ ጎንበስ ብላ ሽንኩርት መንቀል ያዘች። «እንግዲያው ደላላውን ሌላ ቤት ሂድ እለዋለሁ» አለችና የነቀለችውን አፈሩን አራግፋ አስታቀፈችኝ። «ይኼን ይዘሽ ተመለሽ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ርቧት ነው የምትመጣ።»