የቲሊ ጭራ

የቬርና ቀኝ እጅ በፋሻ በተጠቀለለ ማግስት የጎረቤት ምግብ ይጎርፍ ጀመር። ሚኔሶታ ውስጥ በትልቁ ሐይቅ ዳር ባለችው በዚያች ከተማ፣ ሰው ሲጎዳ ምን ሆነህ ነው ተብሎ ብዙ አይመረመርም፤ በኦቨን የበሰለ ድንች በሥጋ ይመጣለታል። በሳህኑ ሥር የባለቤቲቱ ስም በፕላስተር ይለጠፋል፤ ታጥቦ መመለስ አለበትና። መጀመሪያ ያመጣችው የረጅም ዘመን ጓደኛዋ አርሊስ ነበረች። ሳህኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቬርናን ትንሽ አየቻትና፣ "በይ ብዪ" ብላ ሄደች።

ቬርና ግን አልበላችም። ሹካውን ባነሳች ቁጥር መልሳ ታስቀምጠዋለች። ያ ሁሉ ምግብ ለተበዳይ የመጣ ነው፤ እሷ ደግሞ ተበዳይ አልነበረችም።

ዕድሜዋን የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ የኖረች፣ ቁመቷ አጠር፣ ትከሻዋ ሰፋ ያለ ሴት ናት። ጡረታ ከወጣች ወዲህ በከተማው የእንስሳት መጠለያ በነፃ ታገለግላለች፤ ሰው የሚፈሩ ድመቶችን ታላምዳለች። ይህን ሥራ በጥድፊያ የሚሞክር ሰው ቂል ነው። ቬርና ወለሉ ላይ ትቀመጥና ዓይኗን ቀስ ብላ ትከድናለች፣ ቀስ ብላ ትገልጣለች፤ ድመቲቱን ትክ ብላ አታይም። ከዚያ አንድ ጣቷን ዝቅ አድርጋ ትዘረጋለች። ድመቲቱ መጥታ ካሸተተችው ጉንጯን ትዳብሳታለች፣ ቀጥሎ ከአገጯ ሥር፣ ቀጥሎ ማጅራቷን በአውራ ጣት ክብ ክብ እያደረገች ታሻታለች። ድመቲቱ ደስ ሲላት ቬርና እጇን ትሰበስባለች። ድመቲቱ ራሷ አንገቷን አስግጋ "ጨምሪልኝ" እስክትል ትጠብቃታለች። ሆድ አይነካም። የጭራዋ ጫፍ መወራጨት ከጀመረ ደግሞ በቃ፣ እጅ ይነሳል።

ቲሊን ያላመደቻት እንዲህ ነው። ቲሊ ዓሣ አጥማጆች በረዶ በሠራው ሐይቅ ላይ ትተውት በሄዱት ጎጆ ውስጥ የተገኘች ግራጫ ድመት ናት። ስትመጣ ሰው ሲቀርባት የምትገባበት ይጠፋት ነበር። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ግን ቬርና እግር ላይ መተኛት ለመደች። ኦርቪን የሚባሉ፣ ሚስት የሞተችባቸው የመርከብ ወጥ ቤት ጡረተኛ ሊወስዷት ፈልገው፣ በየጊዜው እየመጡ አጠገቧ ቁጭ ይሉ ነበር።

ከዚያ መጠለያው ለጎብኚ በሩን የከፈተበት ቅዳሜ መጣ። ክፍሉ በሰው ተጨናነቀ፤ አርሊስም ከፊት ቆማለች። የመጠለያው ኃላፊ ካሪ፣ "ይቺ ናት ቬርናችን! እጇ ተአምር ነው!" አለች። በዚያ አገር የተመሰገነ ሰው "ኧረ ምንም አይደል" ብሎ ጫማውን ያያል። ቬርናም እንደ ወጉ ጫማዋን አየች። ልቧ ግን አበጠ።

"ሆዷንስ ታስነካለች?" አለ አንዱ ጎብኚ።

ቲሊ ቬርና እግር ላይ ነበረች። ጆሮዋ ወደ ኋላ ተጣጥፏል፤ ጭራዋ የቬርናን ጉልበት መታ መታ ያደርጋል። ቬርና አየች። እያየች፣ "ለእኔማ!" አለችና ድመቲቱን ገልብጣ ሆዷን አሸች። ቲሊ አጉረመረመች። ቬርና ሳቀችና ቀጠለች። ያኔ ነው የቲሊ ጥርስ የቬርና አውራ ጣት ሥር የገባው።

"ምን ሆነች?" አለች ካሪ ደንግጣ።

ቬርናን ምላሷ ቀደማት። "እንጃ! ምንም ምልክት ሳታሳይ ነው የነከሰችኝ!"

ነክሳ ደም ያወጣች ድመት በሕጉ ለተወሰኑ ቀናት ለብቻዋ ተዘግቶባት ትቆያለች፤ እሱስ ያልፋል። ምልክት ሳታሳይ ትነክሳለች የተባለች ድመት ግን ቤቱ ለሚያኖራት ሰው አትሰጥም። አይጥ እንድትይዝ ለገበሬ ጎተራ ትላካለች፣ በዚያ ብርድ። ቬርና ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች።

እጇ ከተጠቀለለ በኋላ፣ እንደ ሌሎቹ ጎረቤቶች ኦርቪንም ሳህን ይዘው መጡ።

"ምግብ ማብሰሉ ገና አልጠፋኝም፣ ይቅመሱልኝ" አሉ ቆባቸውን አውልቀው። "ድመቲቱን ትቻታለሁ። እርስዎን እንዲህ ካደረገች እኔን ምን ልታደርገኝ ነው? ገር ትመስለኝ ነበር እኮ። ተሳስቻለሁ ማለት ነው።"

ልትነግራቸው አፏን ከፈተች። "ያሳዝናል" የሚል ቃል ብቻ ከአፏ ወጣ። በሩን ስትዘጋ ፊቷ በሐፍረት ነደደ። በአውቶቡሱ መስታወት የተጣሉ ልጆችን እያየች "ማን ነው የጀመረው? አትዋሹኝ!" ትል የነበረች ሴት፣ በስተርጅና ጥፋቷን ድመት ላይ ጣለች!

በማግስቱ ቲሊ ወደተዘጋችበት ክፍል ሄዳ ከሽቦ ሣጥኗ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጣቷን አልዘረጋችም፤ በምን ዓይኗ ትዘርጋው? ቲሊ ግን ራሷ መጣች። ከሽቦው አጠገብ ያለውን ፋሻ ደጋግማ አሸተተች፤ ከመድኃኒቱ ሽታ ሥር ያቺን የምታውቃትን እጅ አገኘቻት መሰለኝ፣ ጉንጯን አሻሸችባት። ቬርና እጇን ሰበሰበች። ቲሊ አንገቷን አስግጋ ጠበቀቻት።

ቬርና ተነስታ በቀጥታ ወደ ካሪ ቢሮ ገባች።

"ዋሽቻለሁ" አለች። "ጭራዋን አይቻለሁ። ስታጉረመርም ሰምቻለሁ። ሰው ፊት ልታይ ብዬ ነው ያላቆምኩት።"

"ኧረ ቬርና፣ ማንንም የሚያጋጥም ነገር እኮ ነው…"

"አያጋጥምም! ቲሊ ጎተራ ልትጣል ነበር! ተቆጪኝ እንጂ!"

ካሪ ፊቷ ቀላ። መቆጣት አልለመደባትም፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ፣ "ለኦርቪን የምትደውዪው አንቺ ነሽ" አለች። ከካሪ አፍ ከዚህ የከፋ ቃል ወጥቶ አያውቅም።

ቬርና ደውላ ሁሉንም ለኦርቪን ነገረቻቸው። "እንግዲያው ሳህኔን ሲመልሱ የት የት እንደምነካት ያሳዩኛል" አሉ። ቲሊ ጊዜዋን ጨርሳ ስትወጣ ወደሳቸው ቤት ሄደች።

ቬርና ሳህኖቹን አጥባ በየደጁ ዞረች። በየደጁም የሠራችውን ተናገረች። ሁሉም "ኧረ ምንም አይደል" እያሉ ተቀበሏት፤ እሷም በየደጁ እንደ አዲስ አፈረች። አርሊስን መጨረሻ ያደረገቻት የሷ ይቀለኛል ብላ ነው።

"አርሊስ፣ የምነግርሽ ነገር አለ። ያን ቅዳሜ ድመቲቱ…"

"ጭራዋን አይቻለሁ" አለች አርሊስ። "ከፊት አልነበርኩም?"

ቬርና ሳህኑን ደረቷ ላይ አስጠጋች። "እያወቅሽ ነው እንዴ ምግቡን ያመጣሽልኝ?"

"ለእጅሽ መስሎሽ ነው?" አርሊስ ሳህኑን ተቀበለቻት። "ስትመልሺው ትነግሪኛለሽ ብዬ ነው። በይ ግቢ፣ ብርድ አታስገቢብኝ።"

ቬርና ግን ዓይኗን ከጫማዋ ላይ ማንሳት አቅቷት ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።