የመጨረሻው ጀልባ በዘጠኝ ሰዓት

የልጄ ልጅ ህሊና አዲስ አበባ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች። ለሀዲያ የአዲስ ዓመት በዓል ለያሆዴ ሆሳዕና ስትመጣ ሥራዋንም በኮምፒዩተሯ ይዛ ነው የምትመጣው። ዘንድሮም የበዓሉ ምግብ አታካናው ከፊታችን ሳይነሣ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መተየብ ጀመረች። በትልቅ መርከብ ለሽርሽር ለሚሄዱ ባልና ሚስት ፕሮግራም እያወጣች ነበር።

«እማማ፣ ይሄኛው ወደብ አስቸገረኝ» አለች። «መርከቡ እስከ ምድር አይጠጋም። ባሕሩ ላይ ቆሞ በትንንሽ ጀልባ ነው የሚያወርዳቸው። ወረፋው፣ መሄጃው፣ መመለሻው ሲቀነስ ምድር ላይ የሚቀራቸው ጊዜ ትንሽ ነው። የመጨረሻው ጀልባ ካመለጣቸው ደግሞ መርከቡ ጥሏቸው ይሄዳል።»

«ወረፋው ላይ ለሽማግሌ እንዳይለቁ ንገሪያቸው» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። አልፈረድኩባትም። ዕድሜ ልኬን ሆሳዕና ውስጥ ጠመኔ ስይዝ የኖርኩ አስተማሪ ስለ መርከብ ምን አገባኝ? ተነሥቼ ከሳጥኔ ሥር ጠርዙን አይጥ የቀመሰው አንድ ደብተር አወጣሁና አጠገቧ አስቀመጥኩት።

ያን ደብተር የጻፍኩት በጃንሆይ ዘመን፣ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። ቤታችን ከሆሳዕና የአንድ ሰዓት መንገድ ርቆ ሌሞ ውስጥ ነበር። አንድ ሰዓት የምለው በእኔ እግር ነው። በአባቴ እግር ሦስት ሰዓት ይፈጃል። አባቴ በእግሩ ሰነፍ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ሰው ካገኘ ግን ሰላምታው አያልቅም። «ጡማ?» ብሎ በሀዲይኛ ደህንነትን ይጠይቅና ስለ ሚስት፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ላሚቱና ስለ ጥጃዋ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ ጎረቤት ይቀጥላል። ከዚያ ጠያቂው ተጠያቂ ይሆንና እንደገና ይጀመራል። እኔ የገበያ ቅርጫት ተሸክሜ አጠገቡ ቆሜ በአንድ እግሬ ሳርፍ፣ ከዚያ በሌላው ስለውጥ ነው ያደግሁት።

ታላቅ ወንድሜ ማቴዎስ ግን ችኩል ነበር። አባታችን መሬት ከፍሎለት፣ እንሰት ተክሎለት፣ እንሰቱ ለመፋቅ ሳይደርስ እሱ የጎረቤት ከተማ የፎንቆ ልጅ ከድር በሚነዳው የጭነት መኪና ላይ በረዳትነት ተሳፍሮ ሄደ። የሄደ ዕለት አባቴ እጁን አልሰጠውም። ግቢው በር ላይ ቆሞ፣ «ከብት የለህ፣ እንሰት የለህ፤ ሰው ሲያገኝህ ምን ብሎ ይጠይቅሃል?» አለው። ማቴዎስ ፊቱን አዙሮ ሄደ። እናቴ ጓሮ ገብታ አለቀሰች።

ወንድሜ ከመኪናው ምጽዋ ላይ ወርዶ በአንድ የውጭ አገር የመንገደኞች መርከብ ማዕድ ቤት ተቀጠረ። አራት ዓመት ሙሉ አላየነውም። አባቴም አራት ዓመት ሙሉ የከድርን ሰላምታ በግማሽ ብቻ ነበር የሚመልሰው። ከድር ግን አይቀየምም፤ በሆሳዕና ባለፈ ቁጥር ብቅ ይላል። አንድ ቀን የገብሱ ውቂያ እንዳበቃ ደብዳቤ ይዞልን መጣ።

ከቤታችን አማርኛ አንባቢዋ እኔ ብቻ ስለነበርኩ ቆሜ አነበብኩት። መርከቡ በጥር ወር ለአንድ ቀን ምጽዋ ይቆማል። የወደቡ ማረፊያ በሌሎች መርከቦች ስለሚያዝ ራቅ ብሎ ባሕሩ ላይ መልሕቅ ይጥላል። ጀልባዎች ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይመላለሳሉ። ተሳፋሪ ይቀድማል፤ ሠራተኛ ቦታ ሲገኝ ይወርዳል። የመጨረሻው ጀልባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከምድር ይነሣል፤ ከዚያ በኋላ የቀረ ቀረ። «ከዚህ በኋላ መርከባችን በዚህ በኩል አያልፍም ይባላል» ይላል መጨረሻው፤ «ከቤት የሚመጣ ሰው ቢኖር ደስታዬ ነው።»

እኔ ባሕር የማውቀው በካርታ ላይ ሰማያዊ ሆኖ ነው። ጥያቄዬ በዛ። መርከብ የሚያህል ነገር ምድር መንካት እንዴት ያቅተዋል? ጀልባውስ መርከቡ ሆድ ውስጥ ነው የሚያድረው ወይስ ጀርባው ላይ? በማግስቱ የጂኦግራፊ አስተማሪያችንን ጠየቅሁት፤ ስለ ውሃ ጥልቀት ብዙ አስረዳኝና ራሱም ባሕር አይቶ እንደማያውቅ ነገረኝ። ቀድሞ የገባው አባቴ ነበር። «የከድር መኪና በክረምት እኛ ደጅ አይደርስም» አለ፤ «አውራ ጎዳናው ላይ ይቆምና እህሉን በፈረስ ጋሪ እናደርስለታለን። ጀልባው ጋሪው ነው።»

ለሁለት ሰው ከድር በመኪናው ቦታ ሰጠን። አባቴ ይሄዳል፤ አማርኛው እምብዛም ስለሆነ እኔ አስተርጓሚ ሆኜ እከተላለሁ። እናቴ ቀረች። ቅር አላት፤ ነገር ግን ያልኩሽን ሁሉ አስታውሺልኝ ብላ እኔን ጓሮ ወሰደችኝ። «ፊቱን ንኪውና ከስቶ እንደሆነ ንገሪኝ። ፎቶውንም አምጪልኝ።» ወደ ቤት ገብተን ለአባቴ ግን ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ሳይታረቁት እንዳይመለሱ።»

እንግዲህ ያን ደብተር ያወጣሁት ያኔ ነው። እንደ ክፍላችን የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ በመስመር ከፋፈልኩት። ማቴዎስ ቢዘገይ ቢዘገይ አራት ሰዓት ላይ ይወርዳል፤ አምስት ሰዓት አለን። ሰላምታ፣ አሥር ደቂቃ። ምግብ፣ ግማሽ ሰዓት። እርቅ፣ አንድ ሰዓት። ፎቶ ቤት፣ አንድ ሰዓት። ከተማ ማየት፣ የቀረው። ለጀልባው ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ መገኘት። ለአባቴ ሳነብለት በትዕግሥት አዳመጠኝና፣ «አሥር ደቂቃ ስንት ነው?» አለኝ።

«ደወል ተደውሎ ክፍል እስክንገባ ድረስ ነው።»

«እሱማ ለላሟ እንኳ አይበቃም» አለ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መንገዱ አምስት ቀን ፈጀ። እናቴ በኮባ ቅጠል የጠቀለለችው ቆጮና በቅል የሞላችው ንጥር ቅቤ እግሬ ሥር ነበሩ፤ መኪናው በነጠረ ቁጥር ቅሉን በጉልበቴ እይዘዋለሁ። ከደሴ ወዲያ ያለው ተራራ አስፈራኝ፤ ከአስመራ ቁልቁል ስንወርድ ጆሮዬ ተደፈነ። አባቴ ግን ዝም ብሎ ዳገቱን ያያል። «አባ፣ ሲያገኙት መጀመሪያ ምን ይሉታል?» ብዬ ሦስት ጊዜ ጠየቅሁት። ሦስቱንም ጊዜ፣ «ስደርስ አውቃለሁ» አለኝ።

ምጽዋ ስንደርስ ከድር የእጅ ሰዓቱን አውሶኝ ጨው ለመጫን ሄደ። እኔና አባቴ የጀልባው ደረጃ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። መርከቡ ሩቅ ነበር፤ ነጭ፣ መስኮቱ የማይቆጠር። እንዲህ ያለ ትልቅ ነገር ውሃ ላይ ዝም ብሎ ሲቆም ማየት ምንኛ ይገርማል! ወርጄ ውሃውን በጣቴ ቀመስኩት፤ ለአባቴም በመዳፌ አመጣሁለት። ቀምሶ ተፋውና፣ «ከድር ጨው ፍለጋ ይህን ያህል መዞሩ ለምንድን ነው?» አለ።

የመጀመሪያው ጀልባ ሦስት ሰዓት አልፎ መጣ። ባርኔጣ ያደረጉ ፈረንጆች ወረዱ። ሁለተኛውም ፈረንጅ፣ ሦስተኛውም ፈረንጅ። አራት ሰዓት ሆነ። አምስት ሆነ። በእያንዳንዱ ጀልባ እነሣለሁ፣ እያንዳንዱን ፊት አያለሁ፣ እቀመጣለሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ከተማ ማየቱን ሰረዝኩ። ሰባት ተኩል ላይ ፎቶ ቤቱን ሰረዝኩ፤ እናቴ ትዝ አለችኝ። አባቴ ከድንጋዩ አልተነሣም።

«አልመጣም» አለ በመጨረሻ። «ልቡ አልበረደም። እኔም ብሆን አልመጣም።»

አባቴ እንዲህ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ማቴዎስ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ከጀልባ ወረደ። ትከሻው ሰፍቷል፤ ፊቱ ያው ነው። ሮጬ ተጠመጠምኩበት፤ እናቴ እንዳለችኝም ጉንጩን ነካሁት፤ አልከሳም። ከዚያ ወዲያው ተናደድኩበት።

«የት ነበርክ? ግማሽ ሰዓት ብቻ እኮ ነው የቀረን!»

«ከማለዳ ጀምሮ መሰላሉ አጠገብ ነው የቆምኩት» አለ፤ ዓይኑ አባታችን ላይ ነው። «ቦታ ተገኘ ተብሎ እግሬን ሳነሣ ከኋላዬ ዋናው ወጥ ሠሪ አለ፤ ሽማግሌ ነው፣ ቅደም አልኩት። በሚቀጥለው ልብስ አጣቢው መጣ። ተሳፋሪዎቹም አብዛኞቹ ሽማግሌዎች ናቸው፤ አንዱን አሳልፌ ስዞር ሌላው ቆሟል። ሽማግሌ ከኋላዬ ቆሞ እንዴት ልሳፈር?»

አባቴ ተነሥቶ ቆመ። «ልክ ነህ» አለው።

እኔ ደብተሬን ይዤ ባሕር ውስጥ ልግባ?

አባቴ እጁን ዘረጋ። ማቴዎስ በሁለት እጁ ተቀብሎ ጎንበስ አለ። «ጡማ?» አለ አባቴ። «ጡማ» አለ ወንድሜ። ተጀመረ። ማቴዎስ ስለ እናታችን፣ ስለ ላሞቹ፣ ስለ እንሰቱ ጠየቀ፤ አባቴ አንዱንም ሳያስቀር መለሰ። ላሚቱ ወልዳለች። ለእሱ የተተከለው እንሰት ደርሷል፤ አልተነካም። እኔ ሰዓቱን አያለሁ፣ ደብተሩን አያለሁ። የቆጮው ጥቅልል ገና አልተፈታም።

ከዚያ የመጠየቁ ተራ ለአባቴ ደረሰ። እጁን አልለቀቀም። ወደ መርከቡ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«መርከቡ ደህና ነው?» አለ።

ማቴዎስ ቀና አለ። «ደህና ነው፣ አባ።»

«አለቃው ደህና ነው?»

«ደህና ነው።»

«የምታበስልበት እሳት ደህና ነው? ባሕሩ ደህና ነው?»

«አንዳንዴ ይቆጣል እንጂ ደህና ነው።»

«እነዚያ ያስቀደምካቸው ሽማግሌዎች ደህና ናቸው?»

ማቴዎስ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። የጀልባው ሰው ፊሽካ ነፋ።

«አባ፣ እርቁ!» አልኩ እጅጌውን እየጎተትኩ። «ጊዜው አልቋል፣ እርቁ ገና አልተነካም!» አባቴ የሰማኝም አይመስል። የልጁን እጅ ለቀቀ፤ ቆጮውንና የቅቤውን ቅል አሸከመው። ጀልባው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄደ። ነጩ ሸሚዝ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅሎ እስኪጠፋኝ ድረስ አየሁት።

እስከ ደሴ ድረስ አባቴን አላናገርኩትም። አምስት ቀን ተጉዘን፣ አንድ ትልቅ ነገር ይዘን ሄደን፣ ስለ እሳትና ስለ ባሕር ደህንነት ጠይቀን ተመለስን ብዬ ውስጤ ይቃጠል ነበር። እናቴ ግቢው በር ላይ ጠበቀችን። አባቴ ከብቶቹን ለማየት ሲያልፍ እኔ አለቀስኩና፣ «አልታረቁም» አልኳት፤ «ፎቶም የለም። ሰላምታ ብቻ ነው የተባባሉት።»

«ምን ምን ብሎ ጠየቀው?»

ቆጠርኩላት። መርከቡ ጋ ስደርስ እጇ አፏ ላይ ሄደ። አለቃውን፣ እሳቱን፣ ባሕሩን ጨረስኩላት። እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ ከብቶቹ መሐል ወዳለው ባሏ ተመለከተች። እንደዚያን ቀን ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ብዙም አልቆየችም፤ ውሃ ልታሞቅለት ገባች።

ህሊና ደብተሩን ጭኗ ላይ ዘርግታ ሰማችኝ። ወንድሜን በልጅነቷ ታውቀዋለች፤ ከባሕር ተመልሶ በዚያው በሌሞ መሬት ላይ አርጅቶ ነው የሞተው። ጣቷን በመስመሮቹ ላይ አሳለፈች። ፎቶ ቤትና ከተማ ማየት ተሰርዘዋል። ሰላምታ አጠገብ፣ ያን ቀን ድንጋዩ ላይ ቆሜ በንዴት ያደረግሁት የ«ራይት» ምልክት አለ። እርቅ ባዶውን ነው።

እስክሪብቶ አነሣች። «እማማ፣ እዚህም ራይት ላድርግበት?»

«ተይው» አልኳት። «ከሰላምታው ውስጥ አለ።»