መንፊያው ያልነበረበት ቀን

የሹፌሮቹን ወሬ የሰማ ሰው፣ ያን ቀን ጭቃው የጤና ጣቢያውን መኪና እስከ መስታወቱ ውጦት ነበር ብሎ ያምናል። ሹፌሩም የክትባት ሳጥኑን ጭንቅላቱ ላይ ተሸክሞ እስከ ወገቡ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ዋለ አሉ። የጽዳት ሠራተኛዋማ ጫማውን ጭቃ ሲበላበት በዓይኗ እንዳየች ትምላለች። ያን ዕለት እረፍት ላይ ነበረች።

ውሸት ነው። ጭቃው ከቁርጭምጭሚት ቢያልፍ ትንሽ ነው። ጫማውም አለ፤ ትናንት ራሱ አድርጎት አይቻለሁ።

ሰውየው ሃያ ሁለት ዓመት የነዳ፣ "ጭቃ አይይዘው" እየተባለ የሚጠራ ሹፌር ነው። ዘዴው አንድ ነው፦ ጭቃ ፊት ሲደርስ ወርዶ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ይቀንሳል። ጎማው ላላ ሲል መሬቱን ሰፋ አድርጎ ይረግጣል፣ መኪናው ሳይሰምጥ ያልፋል። ደረቁን መንገድ ሲይዝ በመንፊያ መልሶ ይሞላዋል። ይህን ሲያስተምር ያላደነቆረው አዲስ ሹፌር የለም።

ያን ቀን ግን መንፊያው መኪናው ውስጥ አልነበረም። የሚስቱ ወንድም ብስክሌት ማከራየት ጀምሮ፣ "ለሁለት ቀን ብቻ" ብሎ ከወሰደው ሦስት ሳምንት ሆኖታል። የመሥሪያ ቤት ዕቃ ነው። ይህን የሚያውቁት ሹፌሩ፣ አማቹና የአማቹ ብስክሌቶች ብቻ ናቸው።

መኪናው ገና ጭቃው መሐል ሲደርስ ቆመ። ከኮረብታው ማዶ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይጠብቃሉ። ለክትባት አብራው የወጣችው ነርስ ሳጥኑን እግሮቿ መሐል አድርጋ፣ "ጋሼ፣ ንፋስ አይቀንሱለትም እንዴ?" አለችው።

ሹፌሩ በልቡ አሰላው። ንፋሱን ከቀነሰ ማዶ ያለው መንገድ ድንጋይ ነው፤ "አሁን ይሙሉት" ትለዋለች፤ መንፊያው የሚቀመጥበት የኋላው ሣጥን ይከፈታል፤ ባዶውን ይገኛል።

"ይሄ ጎማ አዲስ ነው፣ ልጄ። ንፋሱ ከተነካ ከቸርኬው ይወልቃል።"

"ባለፈው ግን እርስዎ ራስዎ..."

"ያኛው ሌላ ጎማ ነው አልኩሽ!"

ዘጋት። እሱም ነዳጅ ይሰጣል፣ ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ መኪናው ይበልጥ ይቀበራል። ነርሷ ቅርንጫፍ ሰብራ ታነጥፋለች፣ ድንጋይ ተሸክማ ታመጣለች፣ በየመሐሉ ሳጥኑን ከፍታ የሙቀት መለኪያውን ታያለች። በረዶው መቅለጥ ጀምሯል። "ጋሼ፣ ወጣ" ትላለች። መኪናው ወጣ ማለቷ መስሎት ቀና ይላል፤ እሷ የምትለው ሙቀቱን ነው።

ሦስት ሰዓት ሙሉ እንዲህ ሆነ። በመጨረሻ አንድ ትራክተር ነጂ ደረሰና ጎማውን በእርግጫ ነካ አድርጎ ሳቀ።

"እንዴ ወንድሜ! እንደ ከበሮ ወጥረኸው ነው እንዴ ጭቃ ውስጥ የገባኸው? ማን ነው መንጃ ፈቃድ የሰጠህ?"

ተንበርክኮ በክብሪት እንጨት የጎማውን ቫልቭ ተጫነና አራቱንም አስተነፈሰ። መኪናው በመጀመሪያው ሙከራ ወጣ። ገመድ እንኳ አላስፈለገም።

"መንፊያ አላችሁ አይደል?"

"አለን እንጂ!" አለች ነርሷ፣ ደስ ብሏት። ሄዳ የኋላውን ሣጥን ከፈተች። ረዘም ላለ ጊዜ አየችው። ከዚያ ክዳኑን ድምፅ እንዳያሰማ አድርጋ ዘጋችውና ወደ መቀመጫዋ ተመለሰች። ሹፌሩን ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

በላላ ጎማ እየተንፏቀቁ ሲደርሱ እናቶቹ ሄደዋል። ክትባቱም ከልኩ በላይ ሞቆ ነበርና አንድም ልጅ ሳይከተብበት ተጣለ። ሹፌሩ ከመኪናው አልወረደም። ነርሷ ከክትባት ጣቢያው ጥበቃ ጋር ስታወራ በመስታወቱ ውስጥ ያያታል፤ ምን እንደነገራት አልሰማም። ሪፖርቱ ላይ "መንገዱ አስቸጋሪ ስለነበር" ብላ ጻፈች።

ከዚያች መስመር ነው እንግዲህ ወሬው ቀለብ ያገኘው። በሳምንቱ ሹፌሮቹ ክፍላቸው ውስጥ ተሰብስበው ጭቃውን ከወገብ ወደ ደረት ከፍ ሲያደርጉት፣ ነርሷ የጉዞ ወረቀት ልታስፈርም ገባች።

"ጀግናው እኮ ይኸውልሽ!" አላት አንዱ የሹፌራችንን ትከሻ መታ መታ እያደረገ። "እስቲ አንቺ ንገሪን፣ እስከ የት ነበር?"

ሹፌሩ የባልደረባውን እጅ ከትከሻው አወረደ። ቀና ብሎ አላያትም።

"እናቶቹ" አለ፣ "እስከ ስንት ሰዓት ነው የጠበቁት?"