የከብቱ ውሃ

ወገቤን ይዤ መነሳት ከጀመርኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነበር። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ፣ ወደ ዘንገና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረን ሙቅ ውሃ በቱቦ እያዞርን መሬቱ ሙቀት እንዴት እንደሚይዝ እንለካለን። ከተስማማ ብዙ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አዲስ የሚሠራው ሕንፃ ከመሬት በሚወጣ ሙቀት ይሞቃል። በዚህ ብርድ ማን ይጠላል?

መሬቱ ግን አልይዝ አለ። የሰጠነውን ሙቀት ሁሉ ከሥር የሚሄድ ውሃ ይዞት እብስ። ውሃው ከታች ወዳሉት ገበሬዎች የሚወርድ ከሆነ እዚያ መቆፈር አይቻልም። እሱን ለማወቅ ሁለት ኬሻ ጨው በጥብጠን አጠገቡ ባለው ሌላ ጉድጓድ ጨመርን፤ ጨዉ ከታች ብቅ ካለ ውሃው አንድ ነው ማለት ነው። ሰዉን ምንጩ የት ነው ብዬ ጠየቅሁ፤ አሳዩኝ። መለኪያዬን እዚያ ነክሬ ስድስት ቀን በዝናብ ተመላለስኩ። ጨው የሚባል የለም። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ፤ ለምንጩ ሳይሆን ቤቴ ልገባ ስለሆነ። «አይገናኝም» ብዬ ሪፖርቴን ጨረስኩ።

ዕቃ ስጭን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ዳገቱን እያለከለኩ መጡ። ሊያመሰግኑኝ ነው። ላሞቻቸው ሰሞኑን ከውሃው አልነቀል ብለዋል፤ ጨው ስንበጠብጥ አይተው ኖሮ፣ ለከብቱ ያሰብን መስሏቸዋል።

«ምንጩ ውስጥ እኮ ጨው የለም፣ አባቴ። ስድስት ቀን ለካሁት» አልኳቸው።

«ምንጩማ የሰው ነው። እኔ የምልሽ የከብቱን ውሃ ነው።»

ለካ ምንጭ የሚሉት ሰው የሚቀዳበትን ብቻ ነው። ከቁጥቋጦ ኋላ ለከብት የሚፈልቀውን እኔም አልጠየቅሁ፣ እነሱም አላሳዩኝ። ወርጄ በእፍኜ ቀመስኩት፤ ጨው ጨው ይላል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት እኔን ነው።

እውነቱን ነገርኳቸው። ጨዉ ለከብቶቻቸው እንዳልነበረ፣ ጉድጓዱ ሲበዛ ውሃቸው ሊጎድል እንደሚችል፣ ዛሬ ባይመጡ ኖሮ የእኔ ወረቀት ምንም አይነካውም ይል እንደነበር። አፈርኩ። እሳቸው ወደ ላሞቻቸው ዞሩ።

«በጋ ላይ ያለን እኮ ይኸው ብቻ ነው» አሉ።

እንደገና እለካለሁ አልኳቸው። ዳገቱን ተመልሼ የጫንኩትን ሳጥን ከመኪናው ሳወርድ መጥተው አንዱን ጫፍ ያዙልኝ።

«ጨውሽ ካለቀ» አሉ፣ «ለላሞቹ ያስቀመጥኩት አለኝ።»