በግሊሰሪን ጠብታ ውስጥ የነበረው ወንድ

ይህን መጻፍ ያስፈልግ እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። የሞተ ሰው የለም፤ የተጣላም የለም። ነገሩ ከገብስ ፍሬ የማይበልጥ ጥንዚዛ ነው። ለዶርም ጓደኞቼ ብነግራቸው የሚስቁ ስለመሰለኝ አልነገርኳቸውም።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ በገባሁ በሦስተኛው ወር፣ ባዮሎጂ ቤተ ሙከራ ውስጥ የመለያ ወረቀት የሚጽፍ ተማሪ ይፈለጋል ሲባል ሰማሁ። የእጅ ጽሑፌ ደቃቅና ንጹሕ ስለሆነ ሄድኩ። ተማሪ ያስፈለጉት ሰውዬ ሰላ ድንጋይ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነበሩ፤ በትምህርት ፈቃድ መጥተው ሁለተኛ ዲግሪያቸውን ይሠራሉ። ቲቸር እላቸው ነበር።

ቲቸር አንኮበር አካባቢ ከአንድ ግቢ፣ ከእርጥብ የበቅሎ ፋንድያ ሥር ያገኙት ጥንዚዛ ነበራቸው። የላይ ክንፉ አጭር ነው፤ ከወገቡ በላይ ይቀርና ሆዱ ራቁቱን ይታያል። ሲነኩት ጭራውን እንደ ጊንጥ ያነሣል። ክንፉ የጡብ ቀለም አለው። ከሚታወቁት ዝርያዎች ጋር ሲያስተያዩት ከርመው ከአንዱም ጋር አልገጠመላቸውም። አዲስ ዝርያ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ግን እንዲህ ያለውን ጥንዚዛ በቀለምና በቁመት ብቻ ለይቶ መግለጽ አይቻልም። አንዱን ዝርያ ከሌላው የሚለየው ወንዱ ሆዱ ውስጥ ያለው፣ ከስኳር ቅንጣት የሚያንስ የመራቢያ አካል ነው። ቲቸር የነበሯቸው አምስት ሴቶችና አንድ ወንድ ናቸው። አማካሪያቸው የዚያን አካል ሥዕል ሳያዩ አዲስ ዝርያ የሚለውን እንደማይቀበሉ ነግረዋቸዋል። ፈቃዳቸው የሚያልቀው ደግሞ በሰኔ ነው።

በጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ቀደም ብዬ ገባሁ። ማንም አላዘዘኝም፤ ጠረጴዛው ጸድቶ ቢያገኙት ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው። አቧራውን ወለወልኩ፣ ጠርሙሶቹን በቁመታቸው ደረደርኩ። በአፉ ከተደፋ የሻይ ብርጭቆ ሥር መሐሏ ጎድጎድ ያለ ትንሽ መስታወት አገኘሁ። ጉድጓዷ ውስጥ የግሊሰሪን ጠብታ አለ። የደብረ ብርሃን ብርድ እጅ ይሰነጥቃል፤ ሁላችንም ከፋርማሲ ግሊሰሪን እየገዛን ፊታችንንና እጃችንን እንቀባለን። የእኔ አልቆብኝ ነበር። የተረፈ መሰለኝ። እንዳይባክን በጣቴ ጠረግሁና የግራ እጄን ጀርባ ተቀባሁት። መስታወቷን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ከሌሎቹ ጋር አስቀመጥኳት።

ቲቸር ገብተው ጠረጴዛውን አዩና አመሰገኑኝ። ከዚያ በዓይናቸው ብርጭቆውን ፈለጉ።

“እዚህ የነበረችው መስታወትስ?”

“አጥቤያታለሁ ቲቸር።”

“ጠብታውስ?”

“እጄን ተቀባሁት።”

ከዚያ ከአንዱ ወንድ ሆድ ያወጡት የመራቢያ አካል እዚያ ጠብታ ውስጥ እንደነበረ፣ የማይክሮስኮፑ ካሜራ ስለተበላሸ ሰኞ በእጃቸው ሊስሉት እንደነበረ ቆይተው ነገሩኝ፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ። መጀመሪያ ያደረጉት ግን እጄን ይዘው ማይክሮስኮፑ ሥር ማስቀመጥ ነበር። ረጅም ጊዜ አዩት። ቀስ ብዬ እንዳዞረው ይነግሩኛል፤ አዞረዋለሁ። ቀጥለው እጄን በሳህን ላይ በአልኮል አጠቡና እጣቢውን ጠብታ በጠብታ ፈተሹት። ክር፣ የቆዳ ቅርፊት፣ አቧራ። ማልቀስ እንዳለብኝ ይገባኝ ነበር፤ አልመጣልኝም። አልኮሉ ስንጥቁ ውስጥ ሲገባ ማቃጠል ነበረበት። እሱም አልተሰማኝም።

የቀረው ሌላ ወንድ መፈለግ ነበር። በሳምንቱ አብረን ወደ አንኮበር ሄድን። የግቢው ባለቤት በቅሏቸውን ወደ አሊዩ አምባ ገበያ ለሚወርድ ጭነት የሚያከራዩ አሮጊት ናቸው። የፋንድያው ክምር ግማሹ ወደ ማሳ ሄዷል። የመጣንበትን ሲሰሙ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አደረጉ።

“በቅሎዋን ልትገዙ የመጣችሁ መስሎኝ ነበር፤ ፋንድያዋን ነው እንዴ?”

ቲቸር ከያዙት ብልቃጥ አንዷን ጥንዚዛ አሳዩአቸው።

“ይሄንን እኛ ጊንጥ እያልን ነው የምንረግጠው። ደግሞ ወንዱን በምን ታውቁታላችሁ? ሱሪ አይለብስ።”

ቲቸር ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እሳቸው ስለሳቁ። ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞረው እናቴ ዩኒቨርሲቲ የላከችኝ ለዚህ እንደሆነ ጠየቁኝ።

“የነበረውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እማማ” አልኳቸው።

ቲቸር ከክምሩ ቀና ሳይሉ “ልታግዘኝ ነው የመጣችው” አሉ።

እስከ ከሰዓት ድረስ ፋንድያውን በነጭ ጨርቅ ላይ በወንፊት ነፋን። ዘጠኝ አገኘን።

በማግስቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ የእኔ ዓይን ወጣት ነው ብለው እኔን አስቀመጡኝ። ወንዱ በመጨረሻው የሆዱ ቀለበት ጫፍ ላይ ትንሽ ክፍተት አለው፤ የሴቷ ደፍን ነው። እኔ አያለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ። ሴት። ሴት። ስምንቱ እንደዚህ አለፉ። ዘጠነኛው ላይ ክፍተት ያለ መሰለኝ። ቲቸር እስክሪብቷቸውን ይዘው ይጠብቃሉ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን “ወንድ” ማለት የፈለግሁበት ጊዜ የለም። በመርፌ ጫፍ ነካ አደረግሁት፤ የጥላሸት ቅንጣት ነበር፤ ተነሣ።

“ሴት” አልኩ።

ጻፉት። ሁለት ጊዜ ወደ አንኮበር ተመልሰን ሄድን፤ ወንድ አላገኘንም። መጨረሻ ላይ ክምሩ የነበረበት ቦታ ተጠርጎ መሬቱ ብቻ ቀርቶ አገኘነው። በመመረቂያ ጽሑፋቸው ውስጥ “አዲስ ዝርያ” የሚለው ርዕስ ወጥቶ “ዝርያው ያልተለየ” የሚል አንድ መስመር ገባ። ዲግሪውን አገኙ። ለጥንዚዛው አስበውት የነበረውን ስም አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩኝም። ጥንዚዛዎቹን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን አስረክበው ወደ ሰላ ድንጋይ የተሳፈሩት ሐሙስ፣ ሰኔ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር።